ቤቱ ሽቅብ የተጎተተ ሰሞን

ያስና ሆዷ ከገፋ ወዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር ጠላች። ልጠይቃት ስወርድ አንድም ቀን ወንበር ላይ አግኝቻት አላውቅም። ውኃ ትጥድና ሳይሞቅ ታወርደዋለች። ያጠበችውን የሕፃን ልብስ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ትከታለች፤ ዞር ብላ ደግሞ አውጥታ እንደገና ትነክረዋለች።

"ኧረ ተይው፣ ጨርቁ ሊያልቅ ነው" ስላት፣

"እጄ ሥራ ሲፈታ ጭንቅላቴ ይጀምራል፣ ኤርሲሊያ" ትለኛለች።

ቤታቸው ባሕሩ ዳር ነበር፤ ውኃው ሲሞላ ደረጃውን የሚልስበት ቦታ። የባሏ የኤላዲዮ አያት የሠሩት የእንጨት ቤት ነው። ኤላዲዮ ጠዋት ጀልባውን ከደጃፉ ገፍቶ ዛጎል ወደሚያረባበት ይሄዳል፤ ማታ እዚያው ደጃፉ ላይ ያስራታል። ለእሱ ተመችቶት ነበር። ለእናቱ ግን አልተመቻቸውም።

እናቱ ዶኛ ኤዴልሚራ ኮረብታው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ከማድቤታቸው መስኮት ቁልቁል ሲያዩ የልጃቸው ቤት ጢስ ቁልጭ ብሎ ይታያቸዋል። ጢሱ ከዘገየ "ምን ሆነች?" ብለው ይወርዳሉ። ከበዛም "ምን እያቃጠለች ነው?" ብለው ይወርዳሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። ባላቸውን ባሕር ከበላባቸው ወዲህ አንድ ኤላዲዮን ብቻ ይዘው የቀሩ ናቸው። እንዲያው ዝም ማለት አይችሉም እንጂ።

"ይሄ እርጥበት የልጁን ደረት ነው የሚበላው" ይላሉ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ። "አንቺ ደግሞ፣ ልጄ፣ እጅሽን ወደ ላይ አንሥተሽ ልብስ አትስጪ። ገመድ እንዳትሻገሪ፣ እትብቱ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል። ወንድ ነው አይደል? ሆድሽ ሹል ነው።"

"አልጠየቅንም፣ ዶኛ ኤዴልሚራ።"

"ምኑን ትጠይቂያለሽ? እያየሁት!"

የያስና እናት ሶይላ ደግሞ ከተራራው ወዲያ ማዶ፣ ሐኪም ቤቱ ወዳለበት ከተማ፣ ወደ ካስትሮ፣ ጀልባ የምትነሣበት ወደብ ላይ ናት። እሷም በሳምንት ሁለት ሦስቴ ትመጣለች፤ ስትመጣ ሆዷን አይታ "ሴት ናት፣ ክብ ነው" ትላለች።

"እናት እያለሽ ምን አማት ሥር ይወሽቅሻል?" ትላታለች። "የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው። ጀልባዋ ደጄ ላይ ናት። ምጥ ቢመጣ ዘልለሽ ትገቢያለሽ።"

"በዚህ ሆድ ልዝለል፣ እማዬ?"

"አቤት! ነገሩን ለማለት ነው እንጂ።"

ዶኛ ኤዴልሚራ ኤላዲዮ የተኛበትን የሕፃን አልጋ አስወርደው አመጡ። ሶይላ ይህን ስትሰማ አዲስ አስጠርባ በጀልባ ላከች። ሁለቱም አልጋዎች ያቺ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ። ያስና ማታ ማታ አንዱን ወደ መስኮት፣ አንዱን ወደ ምድጃ ትገፋለች፤ ጠዋት ደግሞ ትቀያይራቸዋለች። ኤላዲዮ አይቶ ምንም አይልም። ያ ሰው ከአፉ የሚወጣው "እሺ" ብቻ ነበር። እናቱ ሲናገሩ እሺ፣ አማቱ ስትናገር እሺ። ነፋሱን እንኳ እሺ የሚለው ይመስለኛል።

በእኛ ደሴት ቤት እንጨት ነው። ከቦታው ጋር ከተጣላ ይነሣና ይሄዳል፤ ሰው በደቦ ይጠራል፣ በሬ ይጠመዳል፣ ይጎተታል። ይህን የሚመራው ደግሞ የእኔው ባል ኖልበርቶ ነው። አንድ እሑድ ከጸሎት ስንወጣ ዶኛ ኤዴልሚራ ደጀ ሰላሙ ላይ ያዙት።

"ለቅዳሜ ሰዉን ሁሉ ተናግሬያለሁ" አሉት። "አንተ በሬዎችህን አሳርፍልኝ። ድንቹንም አሳማውንም እኔ እችላለሁ።"

ያስና አጠገቤ ቆማ ነበር።

"የማን ቤት ነው የሚጎተተው?" አለችኝ።

እኔም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ፊቴን አይታ ገባት። እስከ ቤቷ ድረስ ተከትያት ወረድኩ፤ እርጉዝ ሴት እንዲያ ስትራመድ አይቼ አላውቅም። ኤላዲዮ ደጃፉ ላይ መረብ እየጠገነ ነበር።

"እውነት ነው?" አለችው።

"ምኑ?"

"ኤላዲዮ!"

መረቡን አስቀመጠ። "እማማ ናቸው እኮ። ላይ ደረቅ ነው አሉ። ለልጁ ብለው ነው።"

"ማክሰኞ ለእናቴ ምን አልካት?"

"ምን አልኳት?"

"'እሺ፣ ወደ ወደቡ እንመጣለን' አላልካትም? እዚሁ ምድጃው አጠገብ ቆመህ!"

"እንዳትቀየም ብዬ ነዋ።"

"ለእሷም እሺ፣ ለእሳቸውም እሺ። ቤቱን ለሁለት ልትሰነጥቀው ነው?"

ኤላዲዮ ጭንቅላቱን አከከ። "በቃ አንቺ ንገሪኝ። የት ትፈልጊያለሽ? ያልሽውን እናደርጋለን።"

ያስና ዞር ብላ ባሕሩን አየች፣ ኮረብታውን አየች። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"አላውቅም" አለች። "እዚህ ውኃው ከወለሉ ሥር ሲያጉረመርም ልቤ ይመታል። እናትህ ቤት ስገባ አየር ያጥረኛል። እማዬ ጋ ስሄድ እንደ ልጅነቴ አፍንጫዬን ልትጠርግልኝ ይቃጣታል። የት መሆን እንደምፈልግ አላውቅም። ግን እኔ ያላወቅሁትን እነሱ ከየት አውቀውልኝ ነው?"

"ልሰርዘው ታዲያ?"

"ሰው ሁሉ ተጠርቶ? ተወው፣ ይጎተት። ባለሁበት መቆም አቅቶኛል፤ ወደ የትም ይሁን ብቻ እንሂድ።"

ቅዳሜ ገና በማለዳ መንደሩ ሙሉ ወረደ። መስኮቶቹ ወጡ፣ ምድጃው ተነቀለ፣ ግድግዳው ከውስጥ በወራጅ ተደገፈ። ቤቱ ከቆመባቸው ምሰሶዎች ተላቆ ሁለት ረጃጅም ግንዶች ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ በሬዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በረድፍ ተጠመዱ፤ ከጎንና ከጎን ደግሞ ሰው የሚስባቸው ገመዶች ተዘረጉ። ኖልበርቶ "ሆ!" ሲል ቤቱ እንደ ትልቅ አውሬ አቃሰተና ተንቀሳቀሰ። ሰዉ በጩኸት አቀለጠው። ያስና ግን የራሷ ማድቤት ሲሄድ እያየች እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር።

ሶይላ ዛጎል የሞላ ቅርጫት ተሸክማ ደረሰች።

"አቅጣጫው ተሳስቷል" አለች ሸክሟን ሳታወርድ። "ወደቡ በዚያ በኩል ነው!"

"ወደብ ላይ ልጅ አያድግም፣ ሶይላ" አሉ ዶኛ ኤዴልሚራ። "ወደብ ላይ የሚያድገው ሰካራም ነው።"

"እኔ ያደግሁት ወደብ ላይ ነው፣ ዶኛ ኤዴልሚራ።"

"እኔ ምን አልኩ ታዲያ?"

የሚስቡት ወንዶች በሳቅ ገመዱን ለቀቁት። ኖልበርቶ "በሬዎቹ ከእናንተ ይሻላሉ!" ብሎ እስኪጮህ ድረስ ቤቱ ባለበት ቆመ።

ረፋዱ ላይ ያስናን ሽንቷ ወጠራት። ቤቷ እየተጎተተ ነው፤ የቀረበው ቤት የእኔ ነው፤ በእሷና በእኔ ቤት መካከል ግን የተወጠረው ገመድ ተጋድሟል። ልትራመድ እግሯን ስታነሣ ዶኛ ኤዴልሚራ ከላይ ሆነው ጮኹ።

"እንዳትሻገሪ! ዙሪያውን ሂጂ!"

"ዙሪያው ሩቅ ነው፣ አልችልም!"

"ለልጁ ስትይ ቻይ!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ያስና ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ ጭኗን ገጥማ፣ የበሬውን ረድፍ ሁሉ ዞራ ሄደች። ቤቴ ደርሳ ገባች። "ቤቴ ሲሄድ ዝም አልኩ" አለችኝ ስትወጣ። "አሁን ሽንቴም የሕዝብ ሆነ።"

ቤቱ ግማሽ መንገድ ደረሰ። እዚያ የኤላዲዮ አያት የፖም ዛፍ ያለበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ ትንሽ ምንጭም ይወርድበታል። እዚያ ላይ አንደኛው ግንድ ተንጣጣና ተሰነጠቀ። ቤቱ በአንድ ጎኑ ዘመም ብሎ ቁጭ አለ። ኖልበርቶ ጎንበስ ብሎ አየና ኮፍያውን አወለቀ።

"ይሄ ዛሬ አይሄድም። ሌላ ግንድ ቆርጠን፣ በሚመጣው ቅዳሜ።"

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። የድንቹን ቂጣና የአሳማውን ሥጋ ዛፍ ሥር ተጠልለን በላን፤ የፖም ጠላውም ጠጪ አላጣም። ኤላዲዮና ሌሎቹ መስኮቶቹን መለሱ፣ ምድጃውን አስገቡ። ዶኛ ኤዴልሚራ "ሳምንቱን እኔ ጋ ትሁን" አሉ። ሶይላ "እኔ ጋ" አለች። ያስና ግን ሁለቱ ሲነጋገሩ ገብታ እሳት አያይዛ ነበር።

ያን ሳምንት በየቀኑ እየሄድኩ አየኋት። ወለሉ ዘሟል፤ ድንች ከጠረጴዛ ከወደቀ ተንከባሎ በሩ ሥር ነው የሚቆመው። ያስና በአንደኛው የጠረጴዛ እግር ሥር እንጨት ትሰካለች፣ ትነቅላለች፣ ሌላ ትሰካለች። እንደ ድሮዋ መንቆራጠጥ ነው። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ከዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ባሕሩ አይታይም። የዶኛ ኤዴልሚራም መስኮት አይታይም፤ ከእሳቸውም ወደዚህ አይታይም። ጢሱ ዛፉ መሐል ይጠፋል።

"ትላንት እስከ ረፋድ ተኛሁ" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሰረቀችውን ነገር እንደምትነግረኝ ያህል። "ማንም አልመጣም። መተኛቴን ማንም አላወቀም።"

በሁለተኛው ቅዳሜ አዲሱ ግንድ ገባ፣ በሬዎቹ ተጠመዱ፣ ገመዶቹ ተዘረጉ። ኖልበርቶ እጁን ሊያነሣ ሲል ያስና በሩን ከፍታ ወጣች። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ የመጀመሪያውን ገመድ ተሻገረች። ከዚያ ሁለተኛውን። ቀጥ ብላ መጥታ ባሌ ፊት ቆመች።

"ዶን ኖልበርቶ፣ በሬዎቹን ይፍቷቸው። ቤቱ እዚህ ይቀራል።"

ዶኛ ኤዴልሚራ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ተሻገረችው! ሁለቱንም ገመድ!"

"አዎ፣ ተሻገርኩት።"

"እዚህ እኮ ማንም ኖሮበት አያውቅም! ፀሐይ አይገባውም!"

"ነፋስም አይገባውም፣ ዶኛ ኤዴልሚራ። ምንጭም አለ።"

"የማን ሐሳብ ነው ይሄ? የእናትሽ?"

"እኔ?" አለች ሶይላ። "እኔ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ? እግዚአብሔር ያሳያችሁ!"

ኖልበርቶ ኤላዲዮን አየው። ሁላችንም ኤላዲዮን አየነው። እሱ እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ። እንደ ልማዱ ለሁለቱም እሺ ሊል ነው ብዬ ነበር።

"ይፍቷቸው" አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ኋላ የቆሙት አልሰሙትም። "ይፍቷቸው፣ ዶን ኖልበርቶ። ቤቱ እዚህ ነው።"

"ኤላዲዮ!"

"እማማ፣ ይምጡና ምሳ ይብሉ። እባክዎ።"

ዶኛ ኤዴልሚራ አልበሉም። ነጠላ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ እየቀረ እያወጡት ብቻቸውን ሽቅብ ሄዱ። ያን ቀን ደስ ያለው ሰው ነበር ብል እዋሻለሁ። ሶይላም ተኮሳትራ ወደ ወደቧ ተመለሰች።

ያስናስ አረፈች? አላረፈችም። በማግሥቱ ቤቴ መጣች፣ ከበር እስከ ምድጃ ትመላለስ ጀመር።

"ኤርሲሊያ፣ እውነት ይጠመጠማል እንዴ?"

"የበሬ ጌታ ሚስት አይደለሁ? ስንቱን ገመድ ስሻገር አይደል አራቱን የወለድኩት!"

"አንዱም ላይ አልተጠመጠመም?"

መዋሸት ሲገባኝ እውነቱን አወጣሁት። "ትንሹ ላይ ነበር" አልኳት። "አዋላጇ እንደ ሻርፕ አወለቀችለትና አለቀ።"

"ለምን ነገርሽኝ!" ብላ ጮኸችብኝ።

ከዚያ ወዲያ ሆዷ ውስጥ ልጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ዝም ባለም ቁጥር ትደነግጣለች። ዶኛ ኤዴልሚራ አይመጡም። አለመምጣታቸው ደግሞ ከመምጣታቸው ባሰ። "ተቀይመው ቀሩ" እያለች ሽቅብ ታያለች። ኤላዲዮ እናቱ ጋ እየወጣ እንጨት ይፈልጥላቸዋል፤ አንድ ቃል አይተነፍሱለትም። እሱ ግን ቤቱ እንዲንቀሳቀስ እሺ አላለም። ቀን ቀን ምሰሶ እየተከለ ወለሉን ያቃናል።

ምጡ ከታሰበው ቀድሞ መጣ፤ ባሕሩ የተቆጣ ቀን ነበር። ኤላዲዮ ወደ እናቱ ሮጠ፤ እኔ ያስናን ደግፌ በጋሪ ወደ ወደቡ ይዣት ወረድኩ። ሶይላ ብርድ ልብስ ይዛ ጀልባዋ ላይ ቆማ ነበር። ባለ ጀልባው ሰማዩን እያየ "አሁን ካልሄድን አንሄድም" ይላል። ሞተሩ ሊነሣ ሲል ዶኛ ኤዴልሚራ እያለከለኩ ደረሱ፤ ኤላዲዮ ከኋላቸው ነው። ወደቡ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጀልባ ረግጠው አያውቁም። ለቀብር እንኳ ማዶ አይሻገሩም ነበር።

"ይቅሩ፣ እማማ" አለ ኤላዲዮ።

"ዝም በል" አሉትና ዘልለው ገቡ።

መንገዱን ሁሉ ጀልባዋ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ያስና ትጮኻለች፤ ዶኛ ኤዴልሚራ ደግሞ ከያስና ብሰው ገርጥተዋል። በመጨረሻ ሶይላ ክንዳቸውን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻቸውና ራሳቸውን ጭኗ ላይ አስደገፈቻቸው። አንድ ጭን ላይ ልጇ፣ አንድ ጭን ላይ የልጇ አማት።

"እርጥበቱ አልነበረም" አሉ ዶኛ ኤዴልሚራ ዓይናቸውን ጨፍነው። ለማን እንደሚናገሩ አላወቅንም። "እርጥበትማ እኔም ቤት አለ። ደጃፉ ላይ ይሄ ባሕር ነበረ። ልጁ በእግሩ ሲሄድ መጀመሪያ የሚረግጠው ይሄን ነበረ።"

ያስና ከምጧ መካከል እጇን ዘርግታ የእሳቸውን እጅ ፈልጋ ያዘች። "ለምን እንደሱ አላሉኝም?" አለች። ወዲያው ሌላ ማዕበል መጣ።

ካስትሮ ስንደርስ ብዙ አልቆየችም። ሴት ልጅ ተገላገለች። ምንም የተጠመጠመ ነገር አልነበረባትም። እኔ ይህን ስናገር ዶኛ ኤዴልሚራ "የጸለይኩት ማን ሆነና?" አሉ፣ ወንድ ነው ማለታቸውንም እንደዚያው ዋጥ አደረጉት። ሶይላ "ክብ ነው አላልኩም?" ስትል ግን ዝም ብለው አላለፏትም፤ ነርሷ መጥታ ሁለቱንም ከክፍሉ አስወጣቻቸው። ኤላዲዮ ልጅቷን ታቅፎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ጉንጩ ርሷል። "እንኳን እመቤታችን ማረችሽ" አልኳት ያስናን። ትራሷ ላይ ራሷን ጥላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ሥራ ፈትቶ፣ ተኝታ ነበር።

ስም ላይ ገና ብዙ ተጨቃጨቁ። አራስነቱም ሰላም አልነበረም፤ ሶይላ ወለሉ ገና ዘመም ይላል እያለች ታጉረመርማለች፣ ዶኛ ኤዴልሚራ ልጅቷ ጡት የምትይዝበትን አኳኋን አይወዱትም። ግን አሁን ሁለቱም ወደዚያ ጎድጓዳ በእግራቸው መምጣት አለባቸው፤ ሲደክማቸው ይሄዳሉ። ያስናም "ዛሬ ይበቃል፣ ዶኛ ኤዴልሚራ" ማለት ለምዳለች፤ እሳቸውም እያጉረመረሙ ይነሣሉ።

ክረምቱ ሲወጣ ኤላዲዮ ከቤቱ ኋላ ትንሽ መሬት ቆፈረ። ዶኛ ኤዴልሚራ ከጎተራቸው የመረጡትን የዘር ድንች በጆንያ ይዘው ወረዱ፤ ሐምራዊውን፣ ጠመዝማዛውን፣ የደሴታችንን። ትልሙን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በዚህ አቅጣጫ ውኃ ይተኛበታል" አሉ። "ወደ ምንጩ አዙሩት።"

ኤላዲዮ ያስናን አያት። እሷ ልጅቷን ጀርባዋ ላይ እንዳዘለች መሬቱን ዞራ አየችው፣ ቁልቁለቱን በዓይኗ ለካችው።

"እውነታቸውን ነው፣ አዙረው" አለችና ጎንበስ ብላ ዘሩን ከጆንያው ማውጣት ጀመረች።